የጎሚስታው ሦስት ጨዋታ

ሲግናል አካባቢ ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ ጀይላንን ያውቀዋል። ከመንገዱ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ እጁን እስከ ክርኑ በርሜል ውስጥ ነክሮ ከጎማው ከመነዳሪ የምትወጣውን አረፋ ሲያሳድድ ይውላል። ወደ ቀበሌው የእግር ኳስ ቡድን ያስገባውም ይኸው ሥራው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የቡድኑ አሰልጣኝ ጋሽ ወልደሰንበት የተነፈሰች ኳስ ይዘው መጡ። ጀይላን ለጠፋት፣ ነፋት፣ «አየር ትይዝ እንደሆነ ሜዳ ላይ ልያት» ብሎ ተከትሏቸው ሄደ። በዚያው ቀረ። የማሊያውን ጥቅል የሚሸከም፣ የሚያሳጥብ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ ወለምታ የሚያሽ እሱ ሆነ። ተጫውቶ ግን አያውቅም።

ከስልጤ አገር በልጅነቱ የመጣ ሰው ነውና አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሚለው ይህንን ቡድን ነበር። ከይሪያን ሲያጭ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት ተጫዋቾቹ ናቸው። የቤቱን ግድግዳ ጭቃ የመረጉለትም እነሱ ናቸው፤ አምበሉ ዘነበ የመረገው ጎን እስከ ዛሬ ጎብጦ ቀርቷል።

እንግዲህ በ1975 ዓመተ ምህረት ግንቦት ላይ፣ በአንድ ከፍተኛ ሥር ያሉ ቀበሌዎች ውድድር ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው፣ ይህ ቡድን አምስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ደግሞ ከአንደኛ ምድብ የሚወርድ ቡድን እንዲፈርስ ተወስኗል። ተጫዋቾቹ ለሌሎች ቀበሌዎች ይከፋፈላሉ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሜዳቸውም የችግኝ ጣቢያ ይሆናል። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ጀይላን ምግብ አልወርድ ብሎታል።

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዱቤ፣ ጋሽ ወልደሰንበት ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ሽማግሌው ብድግ አሉና «አጥቂዎቼ ጎል አያገቡም፣ ተከላካዮቼ ጎል ያስገባሉ። ሌላ ምን ልበል?» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ፤ ጓድ ዱቤ ግን አልሳቁም። ጋሽ ወልደሰንበት ያኔውኑ በድምፅ ብልጫ ከአሰልጣኝነት ተነሡ።

«ታዲያ በማን ይተኩ?» አለ አንዱ።

«ቡድኑን የሚያውቅ ሰው ይሁን» አሉ ጓድ ዱቤ፤ ዓይናቸው አዳራሹን ዞሮ ዞሮ በሩ አጠገብ የማሊያ ጥቅል ላይ የተቀመጠው ጀይላን ላይ አረፈ።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! እኔ ኳስ መንፋት እንጂ ማሰልጠን ምን አውቄ?»

«ሰባት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጠህ ምንም አልያዝክም?»

ይህ ጥያቄ ለጀይላን እውነተኛ ጥያቄ ሆነበት። ይዟል ወይስ አልያዘም? እያሰበ ሳለ እጅ ወጥቶ ተቆጥሮ አለቀ።

በማግሥቱ ወደ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ላይ ወዳለው የጋሽ ወልደሰንበት ቤት ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ካልሲ ሲጠቅሙ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ እኔ አልጠየቅሁም፤ ወላሂ እነሱ ናቸው። እባክዎ ምን ላድርግ?»

«የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፤ ተሸነፍሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሱን ልንገርህ?»

ጀይላን ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ቁልቁለቱን ወረደ። የሚያውቁትን ካደረጉ ይሸነፋሉ፤ የማያውቁትን ደግሞ እንዴት ያደርጉታል? በመጨረሻ ሲሚንቶ ከመጣበት ከረጢት ላይ ወረቀት ቀደደና ያንኑ የጋሽ ወልደሰንበትን አሰላለፍ ጻፈበት። ዘነበ ዘጠኝ ቁጥር፣ የፊት አጥቂ። ትንሹ አብደላ አምስት ቁጥር፣ የመሀል ተከላካይ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር፤ እሱ ማነውና ይለውጠዋል?

የጨዋታው ቀን ሰማዩ ከእንጦጦ ጫፍ ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ቡድኑ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰበና ጀይላን ጥቅሉን ፈታ። ቀድሞ ልማዳቸው ሌላ ነበር፤ ጋሽ ወልደሰንበት መጀመሪያ ስም ከነቦታው ያነባሉ፣ ጀይላን ከዚያ በኋላ ማሊያ ያድላል። ያን ቀን ግን ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ሲል፣ ዳኛው «ቶሎ በሉ!» እያለ ሲጮህ፣ የጀይላን እጅ የለመደውን ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ ቁጥሩን ለዘነበ ወረወረለት።

ዘነበ የወፍጮ ቤት ተሸካሚ ነው፤ ኩንታል ብቻውን ያነሣል። ማሊያው ደረቱ ላይ ደርሶ አልወርድም አለ። እምብርቱ ውጭ ቀረ።

«ምነው ጀይላን፣ የልጅህን ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

ተጫዋቾቹ ሳቁ። ጀይላን ተደናገጠ። ስምንት ቁጥሩም አስሩም አሥራ አንዱም እንደዚያው ተኮማትረዋል፤ እስከ ሰባት ያሉት ደህና ናቸው። «አውልቀው፣ አውልቀው! ይኸው አምስትን ልበስ። አብደላ፣ አንተ ዘጠኝን ሞክር፤ ይበቃሃል። በዳዳ ሦስት…» እያለ በደረትና በትከሻ ልክ አደለው። ቁጥሩን ማን አየው! አሰላለፉን ሊያነብ ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ ፊሽካ ተነፋ፤ ልጆቹም ሜዳ ገቡ።

ቀና ሲል ያየውን ማመን አቃተው። ዘነበ የራሳቸው ጎል ፊት ተገትሯል። አብደላ ወዲያ ማዶ የሰው በረኛ አጠገብ ይቁነጠነጣል።

«ዘነበ! እዚያ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸ።

ዘነበ አውራ ጣቱን ቀስሮ «ገብቶኛል!» አለው።

ምኑ ነው የገባው? ጀይላን ወረቀቱን አየ፣ ሜዳውን አየ። ተመካክረው ሊያዋርዱት ይሆን? ወይስ ጋሼ በስውር መክረዋቸው ነው? እያለ ሲብሰለሰል አብደላ በሁለት ግዙፍ ሰዎች መካከል ሾልኮ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ደገመ። ዘነበ ደግሞ ወደሱ የመጣውን ሁሉ እንደ ኩንታል እያነሣ ሲያስቀምጥ ዋለ። ሁለት ለባዶ!

ሕዝቡ ጀይላንን ተሸከመው። ጓድ ዱቤ «የአሰልጣኝ ለውጥ ማለት ይኸ ነው!» እያሉ ለሰው ሁሉ አስረዱ። አንዱ ሽማግሌ የተጋጣሚው በረኛ አሞት ነው አሉ። ሌላው ዝናቡ ነው አለ። ጀይላን ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተጫዋቾቹን መጠየቅ ፈራ፤ የጠየቀ እንደሆነ አለማወቁ ይታወቅበታል። በሁለተኛው ጨዋታ ምንም ነገር እንዳይነካ ተጠንቅቆ ማሊያውን እንደዚያው አደለ፤ አንድ ለአንድ ወጡ። ይህም ውጤት አንድ ደረጃ ከፍ አደረጋቸው። የመጨረሻውን ጨዋታ ከጉርድ ሾላዎቹ ጋር እኩል ከወጡ ይተርፋሉ፤ ከተሸነፉ ያበቃል።

ቤት ሲገባ ከይሪያ ሕፃኗን እያጠባች ጠበቀችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።»

«በይ።»

«ቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከመጣ ወር አልፎታል። ማሊያዎቹን በእንዶድ ባሽ ባሽ ያ ቀይ ጭቃ አልለቅ አለኝ። ቀቀልኳቸው።»

«ማንን?»

«ማሊያዎቹን ነዋ! ከላይ የነበሩትን፣ ከሰባት ወዲያ ያሉትን። ከዚያ ማገዶ አለቀብኝና የቀሩትን በቀዝቃዛ አለቀለቅኋቸው። ዘነበ እምብርቱ ታየ ሲሉ ስሰማ ያፈርኩት ማፈር…»

ጀይላን በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። ቀስ እያለ ነው የገባው። ለእሱ ማሊያ ልብስ ነው፤ ለእነሱ ግን ትእዛዝ ነበር። አምስት ሰጣቸው፣ አምስት ሆኑ። ትልልቆቹ ወደ ኋላ፣ ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ወደ ፊት የሄዱት በእሱ ዘዴ ሳይሆን በከይሪያ ድስት ነው።

«ተቆጣህ?»

«እኔ እንጃ» አለ። እውነቱን ነበር።

በማግሥቱ ጓድ ዱቤ እየፈነደቁ አዲስ ማሊያ አመጡለት። የልብስ ስፌት ማኅበሩ የሰፋው፣ ሁሉም ሰፋፊ፣ ሁሉም አንድ ልክ። አሁን የሚመርጠው ጀይላን ራሱ ሊሆን ነው። ማሊያውን በብብቱ ይዞ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወልደሰንበት ወጣና አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘነበን? ስድስት ዓመት ሙሉ ኋላ ቁም ብዬ ለምኜው፣ ‹አምበል ጎል ያገባል እንጂ በር አይጠብቅም› ያለኝን ዘነበን? እንዴት እሺ አለህ?»

«ማሊያው ጠበበው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወልደሰንበት ይሳቁ ይናደዱ ሳይለይ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እንግዲህ እኔ ብሆን አምስት እሰጠው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔን እሺ አላለኝም። አንተንም እሺ ማለቱን እንጃ።»

እሑድ ከሰዓት ባሕር ዛፎቹ ሥር ጀይላን መጀመሪያ ጥቅሉን አልፈታም። ቆሞ ስም ከነቦታው ማንበብ ጀመረ። አምስት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ዘነበን አየ።

«አምስት፣ ዘነበ።»

«ቆይ ቆይ» አለ ዘነበ። «ባለፈውስ አዲስ ዘዴ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ አገር ሁሉ ወጥቷል። ዘጠኜን አምጣ።»

«አምስት ነው።»

«ለምን? ምክንያቱን ንገረኝ!»

አሥሩም ሰው ዓይኑን ጀይላን ላይ ተከለ። ሊዋሽ አሰበ፤ ምን ብሎ እንደሚዋሽ እንኳ አጣ።

«ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለ። «ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ አንተም ታውቃለህ። የማውቀው አንተ ኋላ ስትቆም በሁለት ጨዋታ አንድ ብቻ ገባብን። ፊት ስትሆን አምስቴ ተሸነፍን። ቡድኑ እንዳይፈርስ እፈልጋለሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ዘነበ ባሕር ዛፎቹን አየ፣ ሕዝቡን አየ። «ይህቺንም አሰልጣኝ ብለን!» አለና አምስት ቁጥሩን ከጥቅሉ መንጭቆ ለበሰ።

ጨዋታው እንደ ምጥ ረዘመ። ጎል የለም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዘነበ አላስችል አለው፤ ኳሷን ይዞ ወደ ፊት ነጎደ። ሕዝቡ «በለው!» አለ። ጀይላን ይመልሰው ይተወው አላወቀም። ኳሷ ተነጠቀች። አንድ የጉርድ ሾላ ልጅ ባዶ ሜዳ አግኝቶ ሲበር ጀይላን ዓይኑን ጨፈነ። ጩኸት ሰማና ሲገልጥ ዘነበ ከየት እንደደረሰ ሳይታወቅ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ፣ ኳሷን ከመስመሩ ላይ በግንባሩ አውጥቷት ነበር። ዳኛው ሁለቴ ነፋ። ባዶ ለባዶ።

ሰው ሜዳውን ሞላው። ዘነበ ግንባሩ ላይ ጭቃ ተለጥፎ መጣና ጀይላንን ብብቱ ሥር ሸጎጠው። «መጣሁልህ አይደል? አየኸኝ አይደል?» ይላል ደጋግሞ። ጀይላን አለማየቱን አልነገረውም። ጓድ ዱቤ በበኩላቸው «ለከርሞ ገና ከመስከረም ጀምረህ ትይዘዋለህ፤ ዘዴህንም ጽፈህ ለኮሚቴው ታቀርባለህ» አሉት። ጋሽ ወልደሰንበት ከማዶ ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ ጀይላን እጁን ቢያውለበልብላቸው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ዳገቱን ያዙ። ደስ ብሏቸው ነው ቅር ብሏቸው፣ ከዚያ ርቀት አይለይም።

ከይሪያ ሕፃኗን አዝላ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች።

«አሸነፍን?»

«አላሸነፍንም።»

«ታዲያ ለምንድነው የሚጨፍሩት?»

«ቡድኑ አይፈርስም።»

«ከዚህ በላይ ምን ማሸነፍ አለ!» አለች። ጥቂት አብረው ከሄዱ በኋላ ደግሞ «የምን ዘዴ ነው ጻፍ የሚሉህ?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱን ነው የማስበው።»

«አታስብ፤ ጋሽ ወልደሰንበት ያውቁ የለ። እሳቸው ይንገሩህ፣ አንተ ለልጆቹ ንገራቸው። አንተን እሺ ይሉሃል።»

ጀይላን ቆመ። ነገሩ ትክክል ይመስላል። ለምን እሱን እሺ እንደሚሉት ግን አሁንም አልገባውም፤ ሊጠይቃት ዞር ሲል ሕፃኗን በጀርባዋ እያስተካከለች ቀድማው ሄዳለች።