አባቴ የጣለው ገመድ

ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። በወጋችን የመጀመሪያ ልጅ በወላዷ እናት ቤት ይወለዳል። ስለዚህ መውለጃዬ ሲቃረብ ባሌ በበቅሎ አድርጎ ቀራንዮ፣ ወላጆቼ ዘንድ አድርሶኝ ተመለሰ።

ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ እዚያ የሠራው ነፋስ ስለሚወድ እንደሆነ ይናገራል፤ እናቴ ግን ሌላ ቦታ የሚሰጠው ስላጣ ነው ትላለች። በጓሮ በኩል የክዳኑ ጠርዝ ከአፋፉ ወጣ ብሎ ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ መደቡን ለቅልቃ ትጠብቀኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጣሊያናዊ ቀያሽ ከአስተርጓሚው ጋር በራችን ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ካለን በኋላ ቤታችሁ ይፈርሳል አለን። ወረቀትም ዘረጋ። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው አዲሱ መንገድ ነው። ከመስመሮቹ አንዱ የአንዲት ትንሽ ክብ ጠርዝ ቆርጦ ያልፋል። ክቧ እኛ ነን።

«መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለ አባቴ።

«ከገደሉ ሥር፣ በወንዙ ዳር» አለ አስተርጓሚው።

«እኛስ የት ነን?»

አስተርጓሚው ገደሉን አየ፤ ወረቀቱንም አየ። «አባባ፣ እርስዎማ ከላይ ነዎት። ወረቀቱ ላይ ግን ላይና ታች የለም።»

እውነቱን ነው። ያ ወረቀት ርዝመትና ስፋት ነበረው፤ ከፍታ የሚባል ነገር አልደረሰውም። አባቴ ደግሞ የሚያውቀው የክርክር መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገመድ። በእኛ ሰፈር ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ገመድ ይጣላል። ገመዱን የጣለ ሰው ገመዱ ካረፈበት ቦታ ወዲህም ወዲያም አይልም፤ ከዚያ በኋላ መከራከር ነውር ነው። አባቴ ራሱ ስንቱን ሰው እንዲህ አስታርቋል።

ቀያሹን ቅዳሜ ና አለው። ጣሊያኑ በሰዓቱ ከተፍ አለ፤ ያረፈዱት የእኛ ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ ጋቢውን አደግድጎ፣ የጭነት ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አሰረ። ሌላውን ጫፍ በጓሮው ክዳን ጠርዝ ላይ አስሮ ቁልቁል ለቀቀው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ገመዱ ምን ያህል ወርዶ መሬት እንደሚነካ ሰው ሁሉ በዓይኑ ካየ፣ መንገዱና ቤቱ እንደማይገናኙ ማን ይክዳል? እኔም ሆዴን ደግፌ በኩራት ቆሜያለሁ። አባቴ ጣሊያንን በገመድ ሊረታ ነው!

አንዱ ገመድ አልበቃ ብሎ ሌላ ተቀጠለበት። በመጨረሻ ድንጋዩ መወዛወዙን ተወና ቀያሹ ለመንገዱ ከተከላቸው ችካሎች በአንዱ አናት ላይ ልክክ ብሎ አረፈ።

ቀያሹ ከአፋፉ አጎንብሶ አየና አጨበጨበ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሥራውን ልክነት እንዲህ አሳምሮ ያረጋገጠለት ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። የአባቴን እጅ ግጥም አድርጎ ጨበጠ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ፣ «በጣም ትክክል ነው ይላል» አለ።

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እኔ ርቀቱን እዩልኝ ብዬ ነው እኮ!»

«ገመድ የሚታየው የሚያርፍበት ነው» አሉ አንጋፋው። «የጣልከውም አንተው ነህ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ በሆዴ የነበረው ልጅ ተማሪ ቤት ጂኦሜትሪ ሲማር ነገሩን በሁለት እርሳስ አስረዳኝ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፤ ሌላውን ከእሱ በላይ፣ አየር ላይ፣ መስቀለኛ አድርጎ ያዘ። «እማዬ፣ ሁለቱ ባንድ ጠለል ላይ አይደሉም፤ ስለዚህ አይገናኙም። ከላይ ብቻ ለሚያይ ሰው ግን የተቆራረጡ ይመስላሉ» አለኝ። ጠለል ያለው እንደ ጠረጴዛ ገጽ የተዘረጋውን ዝርግ ነገር ነው። ገመዱስ ብዬ ብጠይቀው፣ «ገመዱማ ምን ያህል እንደተራራቁ ነው የሚናገረው» አለ። አባቴ ይህን ሳይሰማ ነው ያረፈው።

በጣሊያን ትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቴ አቤት ማለቱን አይተውም ነበር። በገዛ ገመዱ ስለተረታ ግን አፉን ዘጋ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያዘው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳኑን መግፈፍ ጀመረ። እናቴ ከሥር ቆማ የሚወረውረውን ሣር ትሰበስባለች። እኔም የወለድኩት ጎረቤት ቤት፣ በሰው መደብ ላይ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ ዳዴ ይል ነበር። እናቴ አዝላው ወደ ፈረሰው ቤታችን ባዶ ወለል ወጣን፤ አባቴም ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ከታች የመጀመሪያው ካሚዮን መጣ። ከላይ ሲያዩት የክብሪት ቀፎ ያህል ነበር፤ ያስነሳው አቧራም የገደሉን ወገብ ሳይደርስ ተመልሶ ወደቀ።

እናቴ አልጋዋ የነበረበት ቦታ ላይ ሆና ካሚዮኑ እስኪሰወር ጠበቀች።

«ይኸው» አለች፤ «ምንም አልነካንም።»