ዓሣ ነባሪና ሽመላ

ልጄ ከሳይንስ መምህሯ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ዓሣ ነባሪንና ሽመላን አወዳድሪ ይላል። ባሕር በሌለበት አገር ዓሣ ነባሪን ምን አመጣው ብዬ ተነጫነጭኩና ወደ አባቴ መራኋት። አባቴ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልደው፣ ስድስት ኪሎ ተምረው፣ ፒያሳ ማኪያቷቸውን እየጠጡ ያረጁ ሰው።

"ሁለቱም በሳንባ ነው የሚተነፍሱት" አሏት። "ሁለቱንም ውኃ ውስጥ ታገኛቸዋለሽ። ሽመላ ግን እግሯን ነከር አድርጋ፣ የምትበላውን ለቃቅማ ብድግ ትላለች። ዓሣ ነባሪን የተሸከመው ውኃው ነው። የብስ ላይ ከወጣ፣ አየሩ ሞልቶለት የገዛ ክብደቱ ይጫነዋል።"

ልጄ ጻፈች። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና "እናትሽ ሽመላ ናት" አሏት።

ተናደድኩ። የአባቴ ሰፈር ሊፈርስ፣ ሰዉ በዕጣ ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ሊበታተን ነበር። እኔ አግብቼ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሽንት ቤት በወረፋ የሚገባበት ግቢ ምኑ ይናፍቃል?

"ውኃው ቤት ድረስ ይመጣልዎታል፣ ምን ጎደለዎት?" አልኳቸው።

"እድሩስ?"

"እዚያም እድር አለ፣ አባባ።"

"የማያውቀኝ እድር ይቀብረኛል እንጂ አያለቅስልኝም።"

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። አዲሱ ቤት ገቡ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው ወጪ ገቢውን ያያሉ፤ የሚያውቁት ፊት ሲያጡ ተመልሰው ይተኛሉ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር። አዲሱ እድር ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ የድሮው እድሬ አልፈረሰም ይላሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ለድሮው እድር ጥሩምባ ነፊ ደወልኩ። የሌሎቹን ጎረቤቶች ስልክ አላውቅም፤ እዚያ ሰፈር ሰው በአጥር ላይ ተጠራርቶ እንጂ ተደዋውሎ አያውቅም። እሳቸውም ቢሆኑ ዕጣው የደረሳቸው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እንደ ደንቡ ንጋት ላይ ሄደው እሪ በከንቱን ዞረው ነፉ። በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነው የዞሩት። የሰማቸው የግንባታው ዘበኛ ብቻ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሽማግሌው ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። አላስቻለኝም።

"ማንም እንደሌለ እያወቁ ለምን እዚያ ሄዱ?" አልኳቸው።

"ታዲያ ልጄ" አሉኝ፣ "የት ሄጄ ልንፋላቸው?"