የአባቴ አምፕሊፋየር እና ሰማያዊው ሳፋ

ዛሬ ጠዋት ሄዶ የነበረው መብራት ሲመጣ ሳሎኑን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው፤ አምፕሊፋየሬ መሞቱን ለማወቅ ከመቀመጫዬ መነሳት እንኳ አላስፈለገኝም። በዚህ ዓመት ሦስተኛው ነው! ደግሞ ቀን መምረጡ። ዛሬ የአባቴ ሙት ዓመት ነው፤ እህቴ ሙሉ ከዲላ የመጣችው በየዓመቱ እንደምናደርገው የአባባ ድምፅ ያለበትን ካሴት አብረን ልንሰማ ነው፤ ማጫወቻው ደግሞ ያለ አምፕሊፋየር ድዳ ነው።

ተሸክሜው መናኸሪያ ሄድኩ። ሠሪው ከፍቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ክላስ ዲ የሚሉት አዲሱ ዓይነት ነው፤ አይጠገንም፣ ቦርዱን ነው መቀየር» አለኝ። ቦርዱ የት ይገኛል ብዬ ብጠይቀው፣ እሱስ ከገበያ ጠፍቷል አለ። አይሞቅም፣ መብራት አይበላም፣ በአንድ እጅ ይነሳል ብለው የሸጡልኝ ሰዎች፣ ሲሞት ያለ ኑዛዜ እንደሚሞት ግን አልነገሩኝም።

አባቴ እዚያው መናኸሪያ አጠገብ ካሴት የሚቀዳበት ሙዚቃ ቤት ነበረው። የሱ አምፕሊፋየር ክላስ ኤ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ዘፈን ኖረም አልኖረም ቀኑን ሙሉ መብራት ሲጠጣ የሚውል፣ እጅ የሚያቃጥል ብረት። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ክላስ ኤቢ በሚባለው ሌላ ዓይነት ይምሉ ነበር፤ በግማሽ ሙቀት ያንኑ ዘፈን ይሰጣል እያሉ አባቴን ያበሽቁታል፤ እሱም «ያንኑ አይደለም» ይልና ለማስረዳት ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ሁለቱም ሳይሰማሙ ይመሻል። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ክዳኑን በመዳፉ ይዳስሰው ነበር።

እኔና ሙሉ ለዚያ ሙቀት ሌላ ጥቅም አገኘንለት። ክረምት ከትምህርት ቤት በስብሰን ስንመጣ ካልሲያችንን እላዩ ላይ እናሰጣለን። አንድ ቀን ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በቀዳዳው ገባና ጧ አለ፤ እኛም ለዱላ ተዘጋጀን። አባቴ ግን ክዳኑን ፈታ፣ ከአሮጌ ማጉያ አንድ ትራንዚስተር ነቅሎ በየደ፣ ለሙከራም ማይክራፎኑን ይዞ እየቀዳ፣ «አንድ፣ ሁለት... ካልሲ የምታሰጡ ሁሉ ስሙ፣ ይሄ ምድጃ አይደለም!» አለ። ካሴቱ ይሄ ነው፤ የቀረን የአባቴ ድምፅ ይሄው ብቻ ነው።

አባቴ ሲያርፍ አምፕሊፋየሩ ለኔ ደረሰ። እኔ ብልጡ ሙቀቱም የመብራቱም ሂሳብ አስመርሮኝ ለቆራሌ ሰጥቼ በሰማያዊ ሳፋ ለወጥኩት። ሙሉ ለስንት ጊዜ አኮረፈችኝ። ላለመዋሸት፣ የአዲሶቹም ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ግን በድሮው አባቴ «አንድ» ከማለቱ በፊት የሚስባት ትንፋሽ ትሰማ ነበር፤ በነዚህ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌም አላገኘኋትም። ሠሪዎቹ ይስቁብኛል።

የአምፕሊፋየሬን ሬሳ ተሸክሜ ስመለስ ሙሉ በዚያው ሳፋ ልብስ እያጠበች ነው። ሳፋው እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም፤ ያናድደኛል። ሬሳውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ምን ላድርግ፣ የአባታችንን ቃል በራሴ አፍ አልኩላት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ካልሲ የምታሰጡ ሁሉ ስሙ፣ ይሄ ምድጃ አይደለም። በድምፁ ልክ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር።

እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣

«ትንፋሹን ረሳኸው» አለችኝ።