ግራጫው አዳራሽ ሰማያዊ በነበረ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከሹም አቦ ሠፈር ወደ ሐይቁ ስወርድ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች መዝናኛ ከነበረው አዳራሽ ፊት ለፊት ቆመ። «እማማ፣ እዚህ ይውረዱ፤ መንገዱ ተዘግቷል» አለኝ ልጁ። እማማ መባልን ገና አልለመድሁትም፤ ስድሳን ልደፍን ትንሽ ቀርቶኛል፣ ትንሽዋን ግን ማንም አይቆጥርልኝም። ወርጄ ቀና ስል አዳራሹ በእንጨት መወጣጫ ተከቧል። ወጣቶች ስፓቱላ ይዘው ግድግዳውን ይፍቃሉ። ሊያድሱት ነው። ሮዙ ይረግፋል፣ ከሮዙ ሥር ቢጫው፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴው። ዘመን በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቀለም ሲደረብበት የኖረ ሕንፃ ነው። ከሁሉም ሥር፣ በሩ አጠገብ፣ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። አጥሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ያን ሰማያዊ ማን እንደቀባው አውቃለሁ። አባቴ ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርሁ ልጅ ነበርሁ፤ ገበያው አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ፊልም አጥባለሁ፣ በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ የሙሽሮችን ማዲያት አጠፋለሁ። ደንበኞቻችን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመው ይነሱ ነበር። እውነተኛው ፏፏቴ ቅርብ መሆኑ ማንንም አያሳስበውም፤ የተሳለው አይረጭም፣ ጫማም አያበላሽም። ፎቶ ማለት ለእኛ ሰው ነው። ሰው ለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያ ነው ፎቶ።

ኤልያስ የመጣው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ሠላሳ የሞላው አይመስልም፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው የሚያዩበት ትልቅ ካሜራና አንድ ሣጥን ፊልም ይዞ ጨለማ ክፍላችንን ሊከራይ ገባ። ሥራው አገር ለአገር እየዞረ የአዲሱን ዘመን ሕንፃዎች ማንሳት ነበር፤ ጌጥና ቅርጽ የሌላቸውን፣ ከአርማታና ከመስተዋት የተሠሩትን። በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያነሳ። ባሕር ዳር ድረስ ያመጣው ይኸው አዳራሽ ነው። በዚያን ጊዜ ግድግዳው ቀለም የሚባል አያውቅም ነበር። አርማታው ሲፈስስ ደግፈው የያዙት የካሳፎርማ ጣውላዎች፣ የእንጨቱ ጅማት ሳይቀር፣ ታትመውበት ቀርተዋል። ጣራው እንደታጠፈ ወረቀት ከፍ ዝቅ ይላል። ኤልያስ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ «ይህን የመሰለ ብዙ አገር ፈልጌ አጥቻለሁ» ሲለኝ ሳቄን ዋጥሁት። እኛ ልስን ሳይደርሰው ገንዘብ ያለቀበት ሕንፃ ይመስለን ነበር።

ሰማዩ እስኪጠራ መጠበቅ ነበረበት። የዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ አልወጣም ብሎ ቆየ። ከሥራ ስወጣ አዳራሹ ድረስ አብረን እንሄድና ፀሐይ ብልጭ ስትል ጥላው የት እንደሚወድቅ እናያለን። ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ሥር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ዘንድ ቆመን ጥርሳችን እስኪጠቁር እንበላለን። ከሐይቁ የእርጥብ ደንገል ሽታ ይመጣል። አንድ ቀን በሌሎች አገር ከተሞች ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳየኝ፤ ብራዚሊያ፣ ቻንዲጋር፣ ዳካር። ሰፋፊ ደረጃዎች፣ ረዣዥም ጥላዎች። አንድም ሰው የለም።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አልሁት።

«እስኪያልፉ እጠብቃለሁ። ሰው ካለ ዓይን ወደ ሰው ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ዓይን ወዴት ይሂድ?»

ሳቀ። እኔ ግን ማታ ማታ በሐሳቤ በእነዚያ ደረጃዎች ላይ ስወጣና ስወርድ ነው የማመሸው። ልጅ ሳለሁ ከሄድሁባት ጎንደር በቀር ከባሕር ዳር ወጥቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን። «ይህ አዳራሽ በአገር ቤት የመጨረሻዬ ነው» አለኝ። «ከዚህ ናይሮቢ ነኝ፣ ከዚያ ወደ ሕንድ እመለሳለሁ። ጨለማ ክፍል የሚያውቅ፣ ብርሃን የሚገባው ሰው ያስፈልገኛል። አብረሽኝ ነይ።»

«ለሥራ ብቻ ነው?»

«ለሥራ ብቻ አይደለም» አለና አጥንት የሌለበትን የዓሣ ቁራጭ አጥንቱን ይለቅም ጀመር። አዳራሹን ያነሳ ዕለት መልሴን ልነግረው ቃል ገባሁ። ልቤ ግን እዚያው ሄዷል።

የቀረኝ አባቴ ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ በሥራ የመጣ የፋብሪካው ኤሌክትሪሲያን ነው፤ የአዳራሹን መብራት የዘረጋ እሱ ነው፣ ሠርጉንም የሠረገ እዚያው ነው። እናቴ ተማሪ ሳለሁ ካረፈች በኋላ እኔና እሱ ብቻ ነን። ማታ ሽንኩርት እየከተፈ ሳለ «አባዬ፣ ያ ፎቶ አንሺ ከእሱ ጋር ውጭ አገር እንድሄድ ጠየቀኝ» አልሁት። «እህ» አለ። ሽንኩርቱን ከተፈ፣ ጨረሰ፣ ሌላ ጨመረ። ለሁለታችን ወጥ የማያስፈልገውን ያህል ሽንኩርት ከተፈ። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

በዚያው ሰሞን ኤልያስ ሰማዩ እስኪገለጥ ብሎ በጀልባ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ተሻገረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አዳራሹ ዙሪያ ሰው ግር ብሏል። አባቴ የጋዜጣ ቆብ አድርጎ መሰላል ላይ ወጥቷል። የሠፈሩ ሰው ብሩሽ የያዘ ብሩሽ፣ መጥረጊያ የያዘ መጥረጊያ እያጠቀሰ ግድግዳውን ውሃ ሰማያዊ ይቀባል። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ጠላ እየቀዱ ያበረታታሉ።

«አባዬ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እንግዳ የሚያየው ነገር ሳይቀባ ይታያል እንዴ?» አለኝ፤ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ የበሩን የመብራት ማብሪያ ዙሪያ በቀጭን ብሩሽ እየተጠነቀቀ። ፊቱ እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ተዉ ልላቸው አልጨከንሁም።

ኤልያስ ሲመለስ ሰማዩ ጠርቷል፣ መስከረም ጠብቷል፣ አዳራሹ ደግሞ ሰማዩን መስሏል። ካሜራውን አስቀምጦ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኛ ነን እንጅ» አሉ እትዬ ዝማም። «ራቁቱን ልታነሳው ኖሯል?»

ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ጥቁርና ነጭ አይደል የምታነሳው? ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ የጣውላውም ጅማት በቀለሙ ላይ ይታያል» አልሁት። መጀመሪያ አየኝ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ካሜራውን ሲተክል ሠፈርተኛው የክት ልብሱን ለብሶ መጥቶ አዳራሹ ፊት ተሰለፈ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው አላነሳም» ቢለው አባቴ «ልጄ፣ እኛ ከሌለንበት ባዶ ቤት ነው፤ ባዶ ቤት ምን ይሆነኛል ብለህ ታነሳለህ?» አለው። ኤልያስ እጁን ሰጠ። እኔ ካሜራው አጠገብ የፊልሙን መያዣ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሆኜ አባቴን አየሁት። መካከል ላይ ነው የቆመው፣ ሠርጉ ዕለት የለበሰውን ኮት ለብሶ። በስተቀኙ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ትቷል።

«ትርሲት፣ ነይ ልጄ» አለኝ።

ኤልያስ ከጨርቁ ሥር ሳይወጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መያዣውን ማን ይይዝልኛል?» አለ።

ያ ክፍት ቦታ የእናቴ ነበር። እኔ ካልሞላሁት ማንም አይሞላውም ብዬ አሰብሁ። ብቻዬን አትተይኝ እያለኝ ነው ብዬ አሰብሁ። መያዣውን ሣጥኑ ላይ አስቀምጬ ሄድሁና ከጎኑ ቆምሁ። እጄን ያዘኝ፤ እጁ ቀለም ያስለቀቀበት የናፍጣ ሽታ ነበረው። ኤልያስ ከጨርቁ ሥር ብዙ ቆየ። በዚያ ካሜራ መስተዋት ውስጥ ሰው ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ እኔን ተዘቅዝቄ ምን ያህል እንዳየኝ አላውቅም።

ዕቃውን ሲሸክፍ ወደ እሱ ሄድሁ። «መልስሽ ገባኝ» አለኝ፣ ያለ ቁጣ። ጥቁሩን ጨርቅ አጥፌ ሰጠሁት። በማግሥቱ አውሮፕላን ተሳፈረ። ከወራት በኋላ አንድ ትልቅ ፎቶ በፎቶ ቤቱ በኩል ደረሰን፤ አባቴ የእንጨት ክፈፍ አሠርቶ ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ግራጫ መስሎ ነው እንጂ ሰማያዊ ነው» ይል ነበር።

እኔም ኖርሁ። ፎቶ ቤቱን ከባለቤቱ ተረከብሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፤ ጥሩ ሰው ነው ያገባሁት። ግን መስከረም ሲጠባ፣ ጥላ ጠቆር ብሎ መሬት ላይ ሲረዝም፣ ያልወጣሁባቸው ደረጃዎች ይናፍቁኛል። ኤልያስም ይናፍቀኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ የምደብቀው የለኝም። ልጄ አንድ ቀን የኤልያስን ሥራዎች ስልኩ ላይ ፈልጎ አሳየኝ። ከዚያ ሁሉ አገር ሕንፃ መካከል ሰው ያለበት የእኛው ብቻ ነው።

አባቴ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአልጋው ትይዩ የተሰቀለውን ፎቶ ሲያይ ቆየና «ያን ቀለም ለምን የቀባሁት ይመስልሻል?» አለኝ።

«ለእንግዳው ነዋ።»

«እንግዳው ምን ቸገረኝ? ልጅ ተድራ ከቤት ስትወጣ ቤቱ ይቀባ የለ እንዴ? ያኔ የምንኖርበት ቤት የፋብሪካው ነው፣ የኔ ብዬ የምቀባው አይደለም። የኔ የምለው እናትሽን ያገባሁበት አዳራሽ ነበር።»

«ታዲያ ፎቶው ላይ ለምን ጠራኸኝ?»

«የስንብት ፎቶ ነዋ። ከተነሳን በኋላ ወደሱ ትመለሻለሽ ብዬ ነበር። ስትቀሪ፣ ሐሳቧን ለወጠች ብዬ ደስም አለኝ፣ አዘንኩም።»

«ሂጂ ብለህ ለምን አልነገርኸኝም፣ አባዬ?»

ገርሞት አየኝ። «ቀባሁልሽ እኮ» አለ።

ባለፈው ሳምንት አጥሩ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ተነሣሁና በሩ አጠገብ የሚፍቀውን ወጣት «ልጄ፣ የማብሪያውን ዙሪያ ትንሽ ተውልኝ» አልሁት። «እማማ፣ ሁሉም ይነሳ ተብለናል» አለ፤ ግን አንድ ቅራፊ ሳይሰበር አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሥሩ ያለው አርማታ ወጣ፤ ግራጫ፣ የጣውላው ጅማት እንደ ጥንቱ። የጠዋቱ ብርሃን ከጎን መጥቶ ጣራው ሥር ጥላ ጣለ፤ ኤልያስ ያን ሰሞን ሁሉ የጠበቀው ብርሃን ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ሠራተኞቹ እስኪያልፉ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁትና ተውሁ። «ና፣ እዚያ በሩ ጋ ቁም» አልሁት ወጣቱን። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ፤ አነሳሁት።

ቤት ገብቼ ቅራፊውን በድሮው ፎቶ ጥግ፣ በመስተዋቱና በእንጨቱ መካከል ሰካሁት። በዚያ ሁሉ ግራጫ ላይ ያለው ሰማያዊ እሱ ብቻ ነው። ማታ ልጄ ሲገባ አየውና «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አባዬ ሂጂ ያለኝ ነው» አልሁት።