አሮጌው ይሻላል

ጻፊ እንግዲህ። ቀስ ብየ እነግርሻለሁ፤ ስትጨርሺ መልሰሽ አንብቢልኝ።

ያ ከአልጋው በላይ የተሰቀለው፣ ዳር ዳሩን አይጥ የቀመሰው ካላንደር ቀን ተቆጥሮበት አያውቅም። ደርግ በወደቀ በዓመቱ አያትሽ የመኪና ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ። በልጅነቱ ተቀጥሮበት የነበረው የጣሊያን ጋራዥ ሲፈርስ ደረሰና ከግድግዳው ነቅሎ አመጣው። ዓመቱ ያለፈ፣ ወሩ የፈረንጅ። አሥራ ሁለት ቅጠል አለው፤ በየቅጠሉ አንድ አንድ መኪና። ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ ለእሽቅድምድም የሚሠሩ፣ ከመጀመሪያው እስከ ኋለኛው በተራ። የፋብሪካውን ስም ስንት ጊዜ ነገረኝ፣ ምላሴ አልዞር አለ እንጅ። "የነጠላ ክር አምጣልኝ ብየ ብልከው የወረቀት መኪና ይዞልኝ መጣ" እያልሁ ጎረቤቱን ሁሉ አስቄበታለሁ።

ቢቸና እንዲህ ያለ መኪና ገብቶ አያውቅም። ቢገባም ሆዱ መሬት ሲልስ መናኸሪያው ጭቃ ላይ ይቀር ነበር። አያትሽም ቢሆን በዓይኑ ያየው አንዱን ብቻ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ፣ እዚያው ጋራዥ፣ ቀዩን፣ ዓይኑ እንደ እንቁራሪት የፈጠጠውን። አጥቦታል። እሱ ያጠበው አንድ ቀን ነው፣ እኔ ግን ሲያጥብ ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ።

የሞጣው ሰው ታዲያ በዚህ ካላንደር መጡብን። በየገበያ ቀኑ ከሞጣ እህል ጭነው የሚመጡ ሹፌር ነበሩ፣ እስላም ናቸው። መኪናቸው ተበላሽታ አያትሽ ጠገነላቸው፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ቤት ገብተው ያን ግድግዳ አዩና እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ከሆነ እዚያ ናቸው። የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእሳቸውን። ስለዚህ በገበያ ቀን የእኔ ቤት፣ ፋሲካም ቢሆን፣ ሽሮ ነው የሚሠራበት።

"መኪና ማለት ይኸ አሮጌው ነው" ይላል አያትሽ። "ላሜራው በመዶሻ፣ በእጅ የተቀጠቀጠ። ፋብሪካውን ያቆመው ሽማግሌ ቁሞ እያየው የተሠራ። እሱ ከሞተ ወዲያ የተሠራው ሣጥን ነው።"

"ሣጥን? ሂድ ወዲያ! ያ እንቁራሪትህ ዳመና ሲያይ ይታመማል። ይኸን ጠፍጣፋውን እየው፣ ነፋስ በላዩ ሲያልፍ አያውቀውም።"

"ማሽላ ስትጭን ኖረህ አንተ ደግሞ ስለዚህ ምን ታውቃለህ!"

"አንተስ ብትሆን? አንድ ቀን አጥበህ ባለቤቱ ሆነህ ቀረህ እኮ!"

እኔ ጥግ ይዤ ጥጤን እፈትላለሁ። አንድም ቀን ተረትቶ የተነሣ የለም። የአስር ሶላት ሲደርስ የሞጣው ሰው "ለሳምንት ይደር" ብለው ይወጣሉ።

ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ አያትሽ ሞተ። እናትሽ ባሕር ዳር፣ አጎትሽ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ። ጎረቤት መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ በበር ላይ "እንዴት አደርሽ" ብሎ ያልፋል፤ አልፈርድበትም፣ ሥራ አለው። የሞጣው ሰው ግን በገበያው ቀን መጡ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ ግድግዳውን አዩ፣ "ጠፍጣፋው ይሻላል" አሉ። ዝም አልን። ሽሯቸውን በልተው ሄዱ። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ያ ዝምታ አላስቀምጥ አለኝና ከእንዝርቴ ቀና ሳልል፣

"ሣጥን ነው" አልሁ።

"ምን አልሽ?"

"ሽማግሌው ከሞተ ወዲያ የተሠራው ሣጥን ነው አልሁ።"

በሳቅ ወደቁ። ስቀው ስቀው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "ይች ሴትዮ አባሰች እኮ! ደግሞ ንገሪኛ፣ ሣጥን በምኑ ነው?"

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። እኔ እንዝርት እንጅ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ግን የእሱ ቃል ሁሉ ጆሮየ ውስጥ ነበር፤ አንዱን ስመዝ ሌላው ይከተላል። በሳምንት አንድ ቀን እሱ ቤት ያለ ይመስለኝ ነበር። ስድስቱን ቀን የምኖረው ያችን አንድ ቀን ለመድረስ ነው።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

የሰባት ዓመት ተዝካሩን ደገስሁ። ለእስላሞቹ በግ ለብቻ ሰጠሁ፣ ራሳቸው ባርከው አረዱ፣ ድስታቸውም ለብቻ ተጣደ። ከመብሉ በፊት የነፍስ አባታችን ተነሡና "ከሟች ጋር የተከራከረ፣ የተቀያየመ ካለ ዛሬ ይቅር ይባባል" አሉ። ልማዳችን ነው፣ በወሰን የተጣላ እንኳ እዚያ ላይ ይታረቃል። እኔም አሰብሁ፦ እኒህ ሰው ይኸን ያህል ዘመን መንገድ ተመላልሰው አንድ ቀን "ረታህ" ሳይባሉ ይቀራሉ? ነፍሱስ ሙግት ይዞ ይኑር? ብድግ አልሁና፣

"ስለ ባለቤቴ እኔ ልናገር" አልሁ። "የሞጣው ወንድማችን ረትተውታል። ኋለኛው መኪና ይሻላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።"

ሰዉ ሳቀ፣ ቄሱም "እግዚአብሔር ይፍታው" አሉ። የሞጣው ሰው አልሳቁም። የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ልሸኛቸው ስወጣ በር ላይ ቁመው፣

"እሱ እንዲህ አይልም" አሉኝ።

"ለእርስዎ ብየ እኮ ነው።"

"ለእኔ? ይኸን ሁሉ ዓመት የተመላለስሁ ለመርታት መሰለሽ? እስከ ዛሬ ሁለት ነበርን። ዛሬ ብቻየን አስቀረሽኝ።"

ሄዱ። በገበያው ቀን ሽሮየን ሠርቼ ጠበቅሁ፤ የሉም። በሁለተኛው የሉም። በሦስተኛው ማታ የተረፈውን ሽሮ ብቻየን ቀማምሼ ድስቱን ከደንሁት። ካላንደሩን ነቀልሁ፣ ጠቅልየ በነጠላየ ሸፈንሁና ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ደብረ ወርቅ ላይ አንዷ ተሳፋሪ፣

"እማማ፣ የያዙት የማርያም ሥዕል ነው?" አለችኝ፣ ልትሳለም ጎንበስ ብላ።

"መኪና ነው ልጄ" አልኋት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ሞጣ መስጊዱ አጠገብ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። "አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል እኮ" አለችኝ። "መኪናዋን ከሸጧት ሁለት ዓመታቸው። ቢቸናም በሚኒባስ ነበር የሚሄዱት፣ ተው ብንላቸው እንቢ እያሉ።" ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ግድግዳ አልታያቸውም ነበር። እኔም ጥጤን እያየሁ ልብ አላልሁ።

መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ደጃፉ ላይ ቁሜ፣

"አሮጌው ይሻላል" አልሁ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "ማነው ያለው?" አሉ።

"እሱ ነዋ።"

"በተዝካሩ ቀን የተናገረውስ?"

"እሱ አይደለም። ያች ጥጥ ፈታይዋ ናት፣ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብለው ነው።"

አገጫቸውን በእጃቸው ያዙ። "ፍሬኑስ?" አሉ። "ያ እንቁራሪት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይይዛል?"

"ከያዘ አይለቅም!"

ልጃቸው ምን ዓይነት ጠብ ነው ብላ ሮጣ ገባች። አዛን እስኪል ተሟገትን። ስነሣ ካላንደሩን ልተውላቸው ብየ እጃቸው ላይ አኖርሁት። ወረቀቱን ዳበሱ፣ መልሰው ሰጡኝ።

"ከነበረበት ስቀይው። እኔ እንግዲህ አልመጣም። አንቺም በዚህ መንገድ አትንገላቺ። ግን እጅ እንዳትሰጪ።"

በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። እኔ የሰማሁት ከሞጣ በመጣ እህል ነጋዴ ነው፣ ከተቀበሩ በሳምንቱ። ለቅሶ እንኳ አልደረስሁም።

አሁን አንቺ ለዕረፍት መጣሽና በዚያ ስልክሽ ሁለቱንም መኪኖች አገኘሻቸው። ሲሄዱ አየኋቸው፣ ድምፃቸውን አሰማሽኝ። አሮጌው እንደ ወፍጮ ይንኳኳል። ጠፍጣፋው ግን፣ ልጄ፣ ሲጮህ ሰውነቴን ውርር አደረገው። የሞጣው ሰው ያን ድምፅ አንድ ቀን ሳይሰሙት ነው የሄዱት። ብነግራቸው እንዴት ባበጡብኝ!

"የቱ ይሻላል፣ እምዬ?" አልሽኝ።

የገበያ ቀን ነበር። ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ በርጩማው ባዶውን ተቀምጧል።

"አሮጌው" አልሁሽ።