ከሰላምታ በፊት

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ሆስፒታል ውስጥ ባለጌ ተባልኩ። እህቴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው። አንድ ትልቅ ሰው የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር በትከሻቸው ገፋ አድርገው እንደያዙ ወዲህ ካለነው ዘመዶች ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ወደዚያ ክፍል የሚገባው አየር ተጣርቶ እንደሆነ፣ በሩ ክፍት ከዋለ ግን ማጣራቱ ከንቱ እንደሚቀር ነርሷ ነግራናለች፤ ለእሳቸው መድገም ግን አፈረች። "አባባ፣ በሩን ይዝጉት!" አልኩ፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳልል። ዘመድ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ወሎዬ በትሕትናው ይመሰገናል። እኔ ይህን ምስጋና በሰማሁ ቁጥር ይማም ትዝ ይለኛል።

ይማም፣ መርሳ ከተማ አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ነበር። በደርግ ማብቂያ፣ ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ በወረደበት በጋ፣ ከግራና ገበያ ሲመለስ የመድፍ ፍንጣሪ ታፋውን መታው። የወልድያ መንገድ ተዘግቷል። መንገዱ ሲዘጋ እኛ ዘንድ የቀረ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የተማሪ ጠረጴዛ ገጥሞ ቁስለኛ ያክም ነበር። መስታወቱ የረገፈውን መስኮት በረጠበ አቡጀዲ ሸፍኖታል።

ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ነው። ከመስኮቱ ማዶ አውድማ አለ። ሦስት ቀን ድምፁን አጥፍቶ የከረመው ነፋስ ያን ዕለት ረፋድ ላይ መጣና እብቁን እንደ ጉም እያነሳ ወደ እኛ ይነዳው ጀመር።

ሐኪሙ የታጠበ እጁን ወደ ላይ እንደያዘ፣ "ሮጠህ ሂድ፤ አንድ ሰዓት ብቻ ማንፈሱን ያቁሙልን በላቸው። ደሙ አልቆመም፣ እኔ መጠበቅ አልችልም። ያ ብናኝ ቁስሉ ላይ ካረፈ መስፋቴ ዋጋ የለውም" አለኝ።

ይማም ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ "ከጤፉ ጋር እንዳያነፍሱኝ በላቸው!" አለ። ሳቅን።

በእኛ አገር አውድማ የደረሰ ሰው ጉዳዩን አያስቀድምም። ምርቱን ይመርቃል፣ ጥቂት ያግዛል፣ ከዚያ ይናገራል። "በረካ ያድርገው" አልኩ። ባለ አውድማው ሸህ እንድሪስ፣ ነጭ ጢማቸው በእብቅ ቢጫ ሆኖ፣ "አሚን፣ አሚን! የማን ልጅ ነህ አንተ? ነፋሱን ይዘኸው መጣህ መሰል!" ብለው የእንጨቱን አካፋ፣ ላይዳውን፣ አቀበሉኝ። ጤፉን ወደ ላይ በተንኩት። እህሉ እግሬ ሥር ይወርዳል፣ እብቁ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። አያለሁ። አሁንስ ልናገር ስል ሽማግሌው "አይዞህ የኔ አንበሳ!" ይሉኛል፤ ደግሞ እበትናለሁ። ቀጥሎ የማሽላ ቂጣ በተልባ ቀረበ። ቁጭ ብዬ በላሁ። አዎ፣ በላሁ።

አፌን ጠርጌ ነገርኳቸው። ሸሁ ጭድ የሚያነሱበትን መንሽ ጣሉት። "ያ አላህ! ታዲያ ቀድመህ አትናገርም? ሰው ተቀዶ ተኝቶ እኔ ጤፍ ላነፍስ? ነፋስ እንደሁ ነገም ይመጣል!"

ስመለስ ሐኪሙ እየሰፋ ነበር። ፀጉሬ ላይ ያለውን እብቅ አየና ወደ መርፌው ተመለሰ።

በሳምንቱ ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ፍንጣሪው ራሱ አፈር ይዞ ገብቶ ይሆናል አለኝ ሐኪሙ። ለማጽናናት የሚባል ነገር ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ይማም ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት "ነገርካቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ነገርኳቸው" አልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርነው። ሸህ እንድሪስ ከቤተሰቡ እኩል አለቀሱ፤ መቼ እንደነገርኳቸው ግን ለማንም አልተናገሩም። ትሑት ሰው ነበሩ።

የእህቴ ቁስል ደርቋል። በሩን ይዘው የነበሩት ሰውዬ ግን እስካሁን አኩርፈዋል፤ ይቅርታ እንድጠይቅ ሽማግሌ እየተላከብኝ ነው። አልጠይቅም። ይህችን ብልግና ለመማር ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጅቶብኛል።