ባንቺ ሳትሰማ አታጠፋም

ባንቺ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ስልክ ትጠግናለች። ሙያውን የተማረችው ቴክኒክና ሙያ ገብታ ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስለምትውል ደንበኛ ሁሉ ከፊቷ ይልቅ እጇን ያውቃል። ከጦርነቱ ወዲህ የሞቱ ሰዎች ስልክም ይመጣላታል። «ክፈቺልን፤ ፎቶው ውስጡ ነው» ይሏታል። ትከፍታለች፤ ፎቶውን ሚሞሪ ላይ ገልብጣ ትሰጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ከባለቤቶቹ ጋር አብራ ታለቅስ ነበር። አሁን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ በቃ።

ኔትወርክ በጠፋበት ዘመን ዋግ ውስጥ ከአፕ መደብር የሚያወርድ ሰው አልነበረም። አንዱ ከወልድያ ይዞት የመጣውን አፕ ለሌላው ያሻግራል፤ ያም ለቀጣዩ። ስልኩ «ምንጩ አይታወቅም፤ ልጫነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሳያነብ «አዎ» ይላል። ኔትወርኩ ተመለሰ። ልማዱ ግን ሰውን አልለቀቀም።

በአንድ የገበያ ቀን የኔታ ገብረ አምላክ ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጡ። ድጓ ያስተምራሉ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ታመመ ጫጩት አስቀመጡት።

«ይኼ ነገር አብዷል፣ ልጄ። ሳልነካው ይበራል። እርቃኗን የሆነች ሴት ያመጣብኛል። ማኅሌት መካከል!»

የባጃጅ ሹፌሩ ዘመነ የስልኩን ቻርጅ ማድረጊያ እያሠራ ተቀምጦ ነበር። ሳቁን መያዝ አቃተው። «የኔታ፣ እርስዎ ሳይጠሯት መጣች?»

«አንተ ባጃጅህን ንዳ።»

ባንቺ ስልኩን አነሣችው። ይፋጃል። በማስታወቂያው ላይ ሌላ ማስታወቂያ ይደረባል። ከሥር ደግሞ ስልኩ በራሱ ጊዜ በየኔታ ስም መልእክት ይልካል።

«ምን ጫኑበት?»

«ግጻዌ። የዕለቱን ምንባብ የሚያወጣ።»

«ከየት አመጡት?»

«ከመሪጌታ ጓንጉል ተቀበልሁት።»

«እሳቸውስ?»

«ከላሊበላ ከመጣ ደቀ መዝሙር። ያም ከመምህሩ።»

የኔታ ይህን የተናገሩት የዜማ መምህራን ሐረግ እንደሚቆጠር አድርገው ነው። በእነሱ ቤት ከታወቀ መምህር አፍ የተቀበሉት ነገር አይጠረጠርም። ለዜማ ይሠራል፤ የሳተ ተማሪ እዚያው ይታረማል። ፋይል ግን መንገድ ላይ ማን ከፍቶት ምን እንደጨመረበት አይናገርም። ለዚያውም የኔታ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ አሻግረውታል።

«ለዚህ እኮ ነው መደብሩ የሚከለክለው» አለ ዘመነ። «ከመደብሩ ቢያወርዱት ኖሮ…»

«ሞክሬ ነበር። ስልክዎ አሮጌ ነው፣ አይሆንዎትም አለኝ። በገዛ ስልኬ!»

«እውነታቸውን ነው» አለች ባንቺ ቀና ሳትል። «በዚያኛው በር አይገቡም ተባሉ። በዚህኛው ሌባ ይዘው ገቡ። አንተ ብትሆን በየት ትገባለህ?»

«እኔማ በባጃጅ።»

ማንም አልሳቀለትም።

ባንቺ አፑን ልታጠፋው ሞከረች። እንቢ አላት። ሲጫን የስልኩን ሥልጣን ሁሉ ጠይቋል፤ የኔታም ሁሉንም ፈቅደውለታል።

«ስልኩን ሙሉ በሙሉ ባዶ ላድርገው። እንደ አዲስ ይነሣል» አለች።

የኔታ እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ። «ወለተ ሚካኤል ውስጡ አለች።»

ወለተ ሚካኤል ሚስታቸው ነበረች። ሐምሌ ላይ ዐርፋለች። መጻፍ ስለማትችል የኔታ ወደ ሌላ ደብር በሄዱ ቁጥር ድምጿን ቀድታ ትልክላቸው ነበር። ሌላ የቀረ ድምፅ የላትም።

ባንቺ ስልኩን አጠፋችውና ከፋብሪካ አብረውት የመጡት አፖች ብቻ በሚሠሩበት መንገድ አስነሣችው። ማስታወቂያው ለጊዜው ቀረ። ድምፆቹን ፈልጋ አገኘችና ወደ አዲስ ሚሞሪ መገልበጥ ጀመረች። ብዙዎቹ ተበላሽተው ቆዩአት፤ አልተገለበጡም። አንዱ አለፈ።

«አንድ ተገኝቷል። ይስሙትና ላጥፋው።»

«አልሰማም። ካለች በቃ።»

«የኔታ፣ እኔ ሳይሰማ አላጠፋም። ባዶ ፋይልም ስም አለው። ካጠፋሁት በኋላ ቢያለቅሱ አይመለስም።»

«አላለቅስም» አሉ። ፊታቸውም የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም። «አንቺ ስሚው። ሙያሽ ነው።»

«እኔ እሰማለሁ። የባለቤትዎ ድምፅ መሆኑን ግን በምን ዐውቃለሁ?»

የኔታ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ዘመነ ወደ መንገዱ ዞረ።

ባንቺ ሚሞሪውን ሌላ ስልክ ውስጥ ከትታ ነካችው። ሴትዮዋ በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ትናገራለች። ባንቺም ኽምጣናውን ከእናቷ ይዛዋለች። ፍየሏ የተሰጣውን ነጠላ ጫፉን በላችው፣ አለች ሴትዮዋ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አላሰርኋትም። አንተስ እዚያ የሚያበላህ ሰው አለ? ከዚያ ንፋስ ተሰማ። ቀጥሎ፣ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ «ይኼ በምንድን ነው የሚዘጋው?» ብላ ሌላ ሰው ስትጠይቅ ተሰማች። አበቃ።

የኔታ ሲሰሙ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች ያዩ ነበር።

«እሷ ናት» አሉ። «አጥፊው።»

ባንቺ ነካችው። ስልኩ ጨለመ፤ ቆይቶም በራ። ቋንቋ ይምረጡ አለ። ኽምጣና የለበትም። አማርኛን መረጠች። የመደብሩን አካውንት ሲጠይቅ አለፈችው።

«ግጻዌውን ሌላ ቦታ ልፈልግልዎት?»

«ተዪው። መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

«ተማሪዎቹንም ይላኳቸው። ስልካቸውን አጥፍተው ይምጡ፤ ለሰው ሳያሻግሩ።»

«እልካለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉና ሚሞሪውን ተቀብለው ወጡ። ወደ ገበያው ሰው ገብተው እስኪጠፉ ዘመነ አያቸው።

«ምን አለች?» አለ።

«ፍየሏ ነጠላ በላች አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ስልክህን አምጣ።»

ሰጣት። ባንቺም መበየጃ ካውያውን አነሣች።